የአዲስ ዓመት መንፈሳዊ ዕቅድ፦ ከጎንደር ምእመናን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍልሰታ ተፈትቶ ጳጉሜን ሲቃረብ ተመሳሳይ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በጽዋ ማኅበር፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ። «ዘንድሮስ ምን ይዤ ልግባ?» ይላል ሰው። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ብዙም ስለማይለያዩ ከነመልሳቸው እዚህ አስቀመጥኳቸው። መልሶቹ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የተጻፉ ናቸው። የንስሐ አባታችሁ ከነገሯችሁ ጋር የማይገጥም ነገር ካገኛችሁ የእሳቸውን ስሙ።

«ሁሉ በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ዕቅድ ማውጣት ድፍረት አይሆንም?»

አይሆንም። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ተናግሯል። ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በየቀኑ የፋሲልን ግቢ አጥር ታክከን እናልፋለን። ያ ሁሉ ድንጋይ «እስቲ እናያለን» እየተባለ አልተካበም።

ድፍረት የሚሆነው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 የገለጸው ነው። ነገን የራስ አድርጎ ማውራት፣ «ጌታ ቢፈቅድ» ማለትን መርሳት። ስለዚህ አቅዱ፤ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» በሉበት፤ ከዚያ ተነሡ። የሚያሳዝነኝ ይህን ቃል ላለመነሣት ስንጠቀምበት ነው። ከንስሐ ለመሸሽ፣ ዕርቅን ለማዘግየት «ፈቃዱ ሲሆን» እንላለን። በዚህ ነገርማ ፈቃዱ ታውቋል። ሰው ሁሉ እንዲድን ይወዳል።

«መቼ ልጀምር? መስከረም 1 ነው?»

ሥራው መስከረም 1 ይጀመር። ሐሳቡ ግን ከጳጉሜን ይጀምር። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ትሆናለች። አባቶቻችን ይህችን አጭር ወር ዝም ብለው አላሳለፏትም። በፈቃዱ የሚጾማት አለ። ጳጉሜን 3 በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ልጅ አዋቂው ወጥቶ ይጠመቅበታል። ወንዝ ወርዶ የሚታጠብም አለ። ገላው ሲታጠብ ልብም አብሮ ይመርመር።

አንድ ወረቀት ያዙ። ዘንድሮ ከማን ጋር ተቀያየምኩ? የማን ገንዘብ እጄ ላይ ቀረ? ማንን በሐሜት አቆሰልኩ? ብላችሁ ጻፉ። ያቺ ወረቀት ለኑዛዜ ትጠቅማችኋለች። ለዕቅድም ከዚያ የተሻለ መነሻ የለም። ብዙ ሰው ያለፈውን ሳያይ ወደ አዲሱ ይሮጣል። ሐዋርያው ጴጥሮስ «ያለፈው ዘመን ይበቃልና» ያለው ያለፈውን አይቶ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ያለችውን በለስም አስቡ። ሦስት ዓመት ፍሬ ታጥቶባት ባለቤቱ ሊያስቆርጣት ሲል አትክልተኛው «በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት» ብሎ ለመነላት። ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፍግ ሊያደርግላት ቃል ገባ። መስከረምን ያየን ሁሉ ይህ ልመና ተሰምቶልናል። እናቶቻችን ዕለቷን «ቅዱስ ዮሐንስ» ይሏታል። ንስሐ ግቡ እያለ በሰበከው በመጥምቁ ስም የሚጠራ ቀን ላይ ዶሮውና ጠላው ብቻ ቢታሰብ ያሳዝናል።

«ስድስት ዕቅድ ጻፍኩ። በዛ?»

በዛ። አንድ ይበቃል። ያቺ አንድ ከጸናች ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይጨመራል። አንዷን እንዴት ልምረጥ ካላችሁ፣ በጳጉሜን ወረቀታችሁ ላይ ለመጻፍ እጃችሁ የከበደውን መስመር ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

«እንደ ስለት ብሳለውስ? ቢያንስ አስሮ ይይዘኛል።»

እባካችሁ አታድርጉት። ስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቃል ነው። በየንግሡ ጃንጥላና መጋረጃ ይዞ የሚመጣውን ሰው ታውቁታላችሁ። ስለቱ ደርሶለት ቃሉን ሊከፍል ነው የመጣው። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል በግልጽ ይናገራል። «በየቀኑ አንድ ሰዓት እጸልያለሁ» ብሎ የተሳለ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ቢያቋርጥ ሸክም ላይ ሸክም ይጨምራል። አንዳንዱ በዚህ አፍሮ ጭራሽ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል። ዕቅድ ግን ይስተካከላል፣ ይቀነሳል፣ እንደገና ይጀመራል። ቀድሞ የተሳላችሁትና ያልፈጸማችሁት ስለት ካለ ደግሞ በራሳችሁ አትሰርዙት። ለካህን ንገሩ፤ መላ ይሰጧችኋል።

«ምን ዓይነት ዕቅድ ልምረጥ?»

ሰው ሲጠየቅ «ጸሎት እጨምራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አዘወትራለሁ» ይላል። መልካም ነው። እኔ ግን አንድ መለኪያ እይዛለሁ። ዕቅዱ ሲሳካ ከአጠገባችሁ ያለ ቢያንስ አንድ ሰው ሊታወቀው ይገባል። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ጎረቤት፣ ደንበኛ። ማንንም ሳይነካ የሚያልፍ ዕቅድ ከሆነ እንደገና ይታሰብበት።

ቅዳሜ ገበያ እህል በጣሳ የምትሰፍር እናትን አስቡ። ጣሳውን ስትይዝ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ከገባ ያ ጣት የሚይዘው ቦታ የገዢው እህል ነው። የዓመት ዕቅዷ አውራ ጣቷን ከጣሳው ውጭ ማድረግ ሊሆን ይችላል። ይህ ትንሽ መስሎ የሚታየው ይኖራል። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 11 ግን አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል። ለባጃጅ ሹፌርም እንዲሁ ነው። ዝናብ ሲወርድ፣ ሲመሽ፣ መንገደኛው አማራጭ ሲያጣ ዋጋ አለመጨመር የዓመት ተጋድሎ ይሆናል።

ዕርቅ ደግሞ አለ። በአገራችን በውርስና በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች ለቅሶ ላይ እንኳ ጀርባ ሲሰጣጡ እናያለን። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። እዚህ ላይ ዓመቱ ራሱ ይረዳችኋል። በቅዱስ ዮሐንስ ሰሞን «እንኳን አደረሰህ» ሊል የመጣን ሰው ከደጅ የሚመልስ ቤት የለም። ሽማግሌ ለመላክ ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። ዕቅዱን «ዘንድሮ እታረቃለሁ» ብላችሁ አትተዉት። «መስቀል ሳይደርስ ጋሼን ሽማግሌ ሆኖ እንዲሄድልኝ እለምነዋለሁ» በሉ። ያኛው ወገን እምቢ ቢልም የእናንተን ድርሻ ተወጥታችኋል። ደግማችሁ ላኩ።

ሌላው ለጎንደር ሰው የቀረበው የአብነት ተማሪው፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ለመማር ከቤቱ ርቆ የመጣው ልጅ ነው። የበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የማኅሌት ዜማና ሽብሸባ ትምህርት) የሚመሰከርባት ስለሆነች፣ የመጻሕፍት ትርጓሜውም እዚሁ ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ከሩቅ አገር ልጆች በእግራቸው ሳይቀር ይመጣሉ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ደጃችሁ ላይ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስንቱ ቤት በሩን ሳይከፍት «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ይሸኘዋል! ዕቅዳችሁ አንድ ተማሪ ይሁን። በሳምንት ሁለት የታወቀ ቀን፣ ትኩስ እንጀራ ከነወጡ። የተረፈውን ብቻ አትስጡት፤ ለእሱ ብላችሁም አቡኩ። ስሙን ጠይቁት። ከየት እንደመጣ፣ ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቁት። ክረምት ሲገባ ብርድ ልብስ፣ በየወሩ ሳሙና ጨምሩለት። ልጆቻችሁም በሩን ራሳቸው ይክፈቱለት። ከብዙ ስብከት የበለጠ ይማሩበታል።

«መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ልጨርስ ብዬ ሁልጊዜ ዘሌዋውያን ላይ እቆማለሁ።»

ከወንጌል ጀምሩ። የእኛ ዓመት ራሱ በወንጌላዊ ስም ይጠራል። ስሌቱን ካህናቱ መስከረም 1 ቀን ያውጃሉ፤ በቤታችሁም ልታወጡት ትችላላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለአራት አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2019ን ብንወስድ 7519 ይመጣል፤ ለአራት ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው።

እንግዲህ ዓመቱ በስሙ የተጠራለትን ወንጌላዊ ከመስከረም 1 ጀምሮ በቀን አንድ ምዕራፍ አንብቡ። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ስለሆነ በመስቀል ዋዜማ ታጠናቅቁታላችሁ። ዮሐንስ 21 ምዕራፍ ነው፤ በግሸን ማርያም ዕለት ያልቃል። ሉቃስ 24፣ ማቴዎስ 28 ነው። ሁሉም ከመስከረም አያልፍም። በመጀመሪያው ወር አንድ ሙሉ ወንጌል ያነበበ ሰው ለቀሪው ዓመት አቅም ያገኛል።

ከዚያ በኋላ ሙሉውን ሐዲስ ኪዳን ለማንበብ የፈለገ በሳምንት አምስት ምዕራፍ ይበቃዋል። 260 ምዕራፍ ስለሆነ በ52 ሳምንት ይሞላል። ሁለት ቀን ማረፊያ ወይም የተዘለለውን መያዣ ይሆናል። ቤተሰብ ካላችሁ ከእራት በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ምልክት አድርጉና እሑድ መምህር ጠይቁ። እኛ አገር የሚጠየቅ መምህር አለመጠየቅ ትልቅ ጉዳት ነው።

«ግእዝ አላውቅም። ዳዊትና ውዳሴ ማርያም በአማርኛ ብደግም ይቆጠርልኛል?»

ይቆጠራል። እግዚአብሔር አማርኛችሁንም ይሰማል። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ ያዙ። ለዳዊት ደግሞ የእኛ ወር ይመቻል። በቀን አምስት መዝሙር ከደገማችሁ በ30 ቀን 150ው ይሞላል፤ ወር በገባ ቁጥር «ብፁዕ» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ይህ ከበዛ መዝሙር 50ን ብቻ በየማታው ድገሙ። ግእዙን መማር የሚፈልግ ካለ ከተማችን የኔታ አታጣም።

«ጾምን ዕቅዴ ላድርገው?»

ሰባቱ አጽዋማት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ናቸው፤ ዕቅድ ሳናወጣም እንጾማቸዋለን። ማቀድ የሚቻለው አጿጿሙን ነው። ረቡዕና ዓርብ ያልተበላው ምሳ ዋጋው የት ይገባል? ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እንጀራን ለተራበ ማካፈልን ከጾም ጋር አያይዞታል። ያቺን ብር ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በወሩ መጨረሻ ለአንድ ለተቸገረ ጎረቤት ትሁን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም ደግሞ የፈቃድ ነው። መሞከር የሚፈልግ ከእሱ ሊጀምር ይችላል።

ስኳር ያለባችሁ፣ መድኃኒት በሰዓት የምትወስዱ፣ ያረገዛችሁ፣ የምታጠቡ፦ ለሐኪሙም ለንስሐ አባታችሁም ሳትነግሩ በራሳችሁ አትወስኑ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም።

«የንስሐ አባት የለኝም። ቢኖሩኝም ዓመት ሙሉ አላገኘኋቸውም።»

እንግዲያውስ የዘንድሮው ዕቅዳችሁ ተገኘ። «የአርባ አራቱ ታቦት አገር» በምትባል ከተማ እየኖሩ ያለ ንስሐ አባት መክረም ያስቆጫል። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ደብር ሂዱ። ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ካህን ጠጋ ብላችሁ «አባ፣ የንስሐ ልጅዎ ልሁን» በሉ። ይኸው ነው። ሰፈር የቀየራችሁም፣ አባታችሁ ያረፉባችሁም እንዲሁ አድርጉ።

ላላችሁ ደግሞ፦ ካህኑን ጠበል ለመርጨትና ለክርስትና ድግስ ብቻ አትጥሯቸው። ቤት መጥተው ጠበል ረጭተው ጠላ ቀምሰው ሲሄዱ፣ የልባችሁን ሳትነግሯቸው ዓመቱ ያልፋል። ዕቅዳችሁን ንገሯቸው። ይቀንሱላችሁ ይሆናል፣ ይለውጡላችሁም ይሆናል። ብቻችሁን ያወጣችሁት ዕቅድ ወይ ያኮራል ወይ ያደክማል። በአባት የተባረከ ሲሆን ግን ጸሎታቸው አብሮ ይሄዳል።

«ሥጋ ወደሙ መቀበልን ማቀድ እችላለሁ? ገና ወጣት ነኝ።»

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። «ገና ወጣት ነኝ» የሚለው ግን ያሳዝነኛል። በቅዳሴ መጨረሻ ማን እንደሚቆርብ አይታችኋል። የታዘሉ ሕፃናት ይቀርባሉ። ልጆች ይከተላሉ። ከዚያ መነኮሳትና ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች ይመጣሉ። መካከሉ ሳስቶ ይታያል። ያ መካከል እኛ ነን፤ የምንነግደው፣ የምንማረው፣ ልጅ የምናሳድገው። ፈተናው የሚበዛው በእኛ ዕድሜ ነው፤ መድኃኒቱን ግን ለሌላ ዕድሜ ትተነዋል። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ሲል የዕድሜ ገደብ አላደረገበትም።

ከሁሉ አንዱን ምረጥልን ብትሉኝ ይህን እመርጥላችኋለሁ።

መንገዱ ሊረዝም ይችላል፤ ለዚህም ነው ለዓመት ዕቅድ የሚመቸው። ንስሐ ይቀድማል፤ ቀኖና፣ ማለት ካህኑ የሚያዝዙት የንስሐ ሥራ፣ ይከተላል። የበደላችሁት ካለ ትክሳላችሁ፤ የተጣላችሁት ካለ ትታረቃላችሁ። በዚህ መንገድ ላይ ስትሄዱ ከላይ የተናገርኩት መለኪያ በራሱ ይሞላል። ቁርባንን የሚናፍቅ ሰው በቤቱ ሲለዝብ ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል።

ለባለትዳሮች የጋብቻው ነገር አለ። በሰማንያ ተጋብተው ብዙ ዘመን የኖሩ ባልና ሚስት «እኛማ አለፈብን» ይላሉ። አላለፈባችሁም። ሁለታችሁ ንስሐ ገብታችሁ ጋብቻችሁን በቁርባን ማጽናት ትችላላችሁ። ድግስ አያስፈልገውም። መስማማታችሁና ካህኑን ማማከራችሁ ነው ዋናው። አንዱ ዝግጁ ካልሆነ ሌላው አይነዝንዘው። የዚያን ዓመት ዕቅድ ትዕግሥትና ጸሎት አድርጉት፤ በክርክር የመጣ ቁርባን አይጸናም። 18 ሰዓት ጾሞ መቅረቡንና ሌላውን ዝግጅት ካህኑ በዝርዝር ያስረዷችኋል።

«ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነኝ። ኪዳን አልደርስ፣ ቅዳሴ አልደርስ። ምን ላቅድ?»

አስቀድሞ፣ ሥራችሁን ከመንፈሳዊ ሕይወት ውጭ አድርጋችሁ አትዩት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በመጨረሻው ቀን ከሚያነሣቸው ነገሮች አንዱ ሕመምተኛን መጠየቅ ነው። ሌላው ሰው ከእንቅልፉ ታግሎ የሚነሣለት የመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ደግሞ እናንተን ነቅታችሁ ያገኛችኋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ፋታ ካገኛችሁ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሉ። ከዚያ በዋርዱ ውስጥ ጠያቂ የሌለው አንድ በሽተኛ ፈልጉ። ከገጠር መጥቶ አስታማሚ ያጣ አይጠፋም። ስሙን ጠርታችሁ ውኃ አቀብሉት። የተረኝነት ሌሊታችሁ ዕቅድ ይህ ቢሆን ምንም አልጎደለበትም። ተራው በማይደርስባችሁ እሑድ ደግሞ ቅዳሴውን አትለፉት።

ሕፃን ያላችሁ እናቶችም እንዲሁ ናችሁ። ልጁ ጡት እስኪጠግብ ድረስ ያለችው ጊዜ የጸሎት ጊዜ ትሁን። ልጁን ለማቁረብ ይዛችሁ ስትሄዱም ቅዳሴ እያስቀደሳችሁ ነው። ሌሊት መንገድ መውጣት በማይመችበት ሰሞን ማኅሌቱ ላይ መቆም ያልቻለ ሁሉ፣ በቤቱ ሥዕለ አድኅኖ ፊት ሻማ አብርቶ ይቁም። አምላክ የቀረንበትን ምክንያት ያውቃል።

«ስብከትና መዝሙር በስልኬ እሰማለሁ። አይበቃም?»

ይረዳል፤ አይተካም። ስልኩ አያናዝዝም፣ አያቆርብም። ጠዋት ዳታ ከመክፈታችሁ በፊት አማትቡና አባታችን ሆይ በሉ። ቲክቶክ ላይ ካህናትን ሲሰድቡ የሚውሉ ሰዎችን መስማት ማቆምም ጥሩ የዓመት ዕቅድ ነው።

«በየዓመቱ እስከ መስቀል እበረታለሁ። ከዚያ ይጠፋል።»

ብዙዎች እንዲህ ይሆናሉ። አደዩ ሳይረግፍ ዕቅዱ ይረግፋል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 24 ጻድቅ ሰባት ጊዜ እንደሚወድቅና እንደሚነሣ ይናገራል። እንግዲህ መውደቁ ላይ አትቆዩ። ያመለጣችሁን ጸሎት እንደ ዕዳ አትቁጠሩት። ትናንት ያልደገማችሁትን ዛሬ እጥፍ ላድርገው ብትሉ ነገ ሁለቱንም ትተዉታላችሁ። የዛሬውን ብቻ ጸልዩ።

ሁለተኛ ጊዜ ከተቋረጠ ዕቅዱን ቀንሱት። አምስቱ መዝሙር አንድ ይሁን። ሦስተኛ ጊዜም ከተቋረጠ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ከሥር ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ያልተናዘዙት ኃጢአት፣ የደበቁት ሐዘን፣ መጠጥ። እነዚህ ካልተነኩ ዕቅድ አይቆምም። መጠጡ ሱስ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ማየትም ጸሎት ማቋረጥ አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

«መሳካቱን በምን አውቃለሁ?»

በበዓላቱ መካከል ቆም እያላችሁ እዩት። ኅዳር 6 ቀን እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ወደ ቁስቋም ለንግሥ ስትወጡ፣ ከቅዱስ ዮሐንስ ሁለት ወር አልፎታል። ለመጀመሪያው ምርመራ ይመቻል። ሁለተኛው ጥር 10፣ የጥምቀት ዋዜማ ነው፤ ታቦታቱ ፋሲል መዋኛ ሲያድሩ ሌሊቱን የምትቆዩ ከሆነ ለማሰብ ሰፊ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ሲያዝ፣ ከዚያ በፍልሰታ።

ምርመራው ግን ከራሳችሁ ጋር ብቻ አይለቅ። ከቤታችሁ አንድ ሰው ጠይቁ። «ከመስከረም ወዲህ የተለወጠ ነገር አየሽብኝ?» በሏት። መልሱ ሲመጣ አታቋርጡ፣ አትከራከሩ። ልጆች ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ፤ «አሁን አትጮህብንም» ቢሉ ዕቅዱ ይዟል። «አልተለወጥክም» ቢሉም ጥሩ መልስ ነው፤ ከየት እንደሚጀመር ነገሯችሁ። ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፉት። ጾማችሁና ምጽዋታችሁ በስውር እንዲሆን ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 አዝዟል።

«እህቴ አሜሪካ ናት። የእነሱ አዲስ ዓመት ጃንዋሪ ነው። አብረን ማቀድ እንችላለን?»

ትችላላችሁ። ጃንዋሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ ሃያዎቹ ውስጥ ይውላል፤ ያኔ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ጭፈራና ሥጋ የሚበዛበት ሌሊት ጾመኛን ይፈትናል፤ በዚያች ማታ ደውላችሁ አብራችሁ መዝሙር ብትደግሙ ለእሷም ብርታት ይሆናታል። ዕቅዱን ግን ከመስከረም ጀምሩት።

«እኔ የሌላ ቤተ እምነት ክርስቲያን ነኝ። ይህ ይጠቅመኛል?»

ወንጌሉን ማንበብ፣ ሚዛንን ማስተካከል፣ ከወንድም ጋር መታረቅ ለማንም ይጠቅማል። ስለ ቀረው የራሳችሁን አገልጋዮች ጠይቁ።

«መስከረም አለፈ። ለከርሞ ላቆየው?»

አታቆዩት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይኑ ባለቤት በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡትንም ቀጥሯል። ዛሬ ማታ የጳጉሜኗን ወረቀት ጻፉ፤ ወሩ ጥቅምትም ይሁን ግንቦት ግድ የለም። ነገ ለንስሐ አባታችሁ ደውሉና ለዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። ስልካቸው ካልሠራ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሱና ሲያሳልሙ ጠብቁ። ሕዝቡ ከተሸኘ በኋላ «አባ፣ አንድ ጉዳይ ነበረኝ» በሏቸው።